የቆመችው ጭረት

የሻማ በዓል ማግስት

ከአሮጌ መዝሙረ ዳዊት የተረፉ የብራና ቁራጮች በእጄ አሉ። እስከ ዛሬ የዜማ ምልክት ብቻ ነበር የምሞክርባቸው። አሁን ግን ለሰው የማልነግረው ነገር ስለገጠመኝ በእነርሱ ላይ እጽፋለሁ።

ትናንት አዲሱ የብር ጻሕል ለመጀመሪያ ጊዜ በመንበሩ ላይ ቀረበ። በጠርዙ ዙሪያ እንዲቀረጽ ያዘዝሁት ቃል የራሴ ነው፤ «ፓኒስ ኖን ኤስት ኩዌም ቪዴስ»፣ ይኸውም «የምታየው ኅብስት አይደለም»። ቅዱስ ሥጋው በሚያርፍበት ዕቃ ላይ ከዚህ የተሻለ ምን ይጻፋል? «ኖን» የሚለውን ቃል እንደ ጸሐፍት ልማድ በአንዲት ፊደል አሳጠርሁት። በፊደሏ አናት ላይ የተጋደመች ጭረት ስትኖር «አይደለም» ተብላ ትነበባለች። ጭረቷ ከቆመች ግን ያችው ፊደል «ኤኒም» ትሆናለች፤ «ነውና» ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ ከእኔ ዘንድ ወጥቶ አያውቅም።

ከቅዳሴ በኋላ ሊቀ ዲያቆናት ኦቤርቶ ጻሕሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ በጣቱ እየተከተለ ያነብ ጀመር። መካከል ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«የምታየው ኅብስት ነውና» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አባ ሩፊኖ፣ ይህን ያስጻፉት እርስዎ ነዎት ወይስ ፓታሪኒዎቹ?»

ሥጋ ወደሙን የሚክዱትን መናፍቃን ማለቱ ነው። ሁለት ዲያቆናት ሳቁ። እርሱ አልሳቀም።

ጻሕሉን ተቀብዬ ወደ ዓይኔ አቀረብሁት። ጭረቷ ቆማለች።

የቅድስት አጋታ ዕለት

በጉባኤው አዳራሽ፣ በአቡነ ጳጳሱ ፊት ቆምሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት መሪጌታ ሆኜ ባገለገልሁበት ቤት ቁም ተባልሁ እንጂ ተቀመጥ አልተባልሁም።

የሆነውን ሁሉ ተናገርሁ። ቃሉን በሰም ሰሌዳ ላይ እኔ ጻፍሁት። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ጂሮልዶ በብራና ላይ አስተካክሎ ገለበጠውና ወደ አንጥረኛው ወደ ቪታሌ ወሰደው። ሰሙ በዚያው ቀን ተዳምጦ ለሌላ ጽሑፍ ውሏል።

«እንግዲያው ስህተቱ የማን ነው?» አሉ አቡነ ጳጳሱ።

ጂሮልዶን ያሳደግሁትና ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ። ዛሬ አርባ ዓመት የሞላው የተከበረ ካህን ነው። ስለ እርሱ እጅ እንደ ራሴ እጅ እመሰክራለሁ። ስለዚህ፣ «የአንጥረኛው መሆን አለበት» አልሁ። ጸሐፊው መዘገበው። ጂሮልዶ ወለሉን ይመለከት ነበር፤ ስለ እኔ አዝኖ ነው።

ኦቤርቶ ግን በዚህ አልረካም። ማስረጃ በሌለበት፣ ስም ግን በጠፋበት ጊዜ ሕጉ የሚያዘው መንጻት በመሐላ ነው፤ «ሴፕቲማ ማኑ»፣ በሰባተኛ እጅ። አስቀድሜ እኔ በወንጌሉ ላይ እጄን ጭኜ እምላለሁ። ከዚያም ስማቸው የተመሰገነ ስድስት ሰዎች አንድ በአንድ እየቀረቡ «ክሬዶ» ይላሉ፤ እውነት እንደማለ አምናለሁ ማለት ነው። አንድ እጅ ከጎደለ ግን ክህነቴ ተገፎ ዕድሜዬን በተራራው ገዳም ተዘግቶብኝ እጨርሳለሁ። ቀኑ ከሆሳዕና በፊት ያለው ዓርብ ነው። እስከዚያ ከመንበሩም ከመሪነቱም ታግጃለሁ። ኑዛዜ መስማት አልተከለከልሁም።

አመድ ረቡዕ

ስድስት ሰዎች ቃል ገቡልኝ። ጂሮልዶ ሳልጠይቀው ነው የመጣው። የእኔን መሪነትም ለጊዜው ለእርሱ ሰጥተውታል።

«ወንበርዎን እያሞቅሁልዎ ነው አባ» አለኝ።

«አታቃጥለው እንጂ» አልሁት። ሳቅን። ለጾሙ መግቢያ ግንባሬ ላይ የተቀባሁት አመድ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

የጾሙ መጀመሪያ ሳምንት፣ ሐሙስ

የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ቃሉን አጠፈ። ምክንያቱን አልነገረኝም፤ ሲያየኝ መንገድ መቀየሩ በቂ ነው። አምስት ቀሩ።

የጾሙ ሁለተኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ባቄላና ሽምብራ። ባቄላና ሽምብራ። የሐኪም ቤቱ ካህን ደግሞ ከበሽተኞቹ መለየት እንደማይችል ላከብኝ። አራት።

በዐምዶቹ ሥር ሳልፍ ሁለት ካህናት ከግድግዳው ወዲያ ሲያወሩ ሰማሁ። «ሰባተኛ እጅ ይላል እንዴ? ሽማግሌው ሰባት ጣት እንኳ አያገኝም።» ሌላው፣ «የገዛ ጣቶቹን ይቁጠርና!» አለ። በምስጢር አልሳቁም፤ እንድሰማ ነው የሳቁት። አንዱን ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ያስተማርሁት ነው።

የቅዱስ ጎርጎርዮስ ዕለት

ከቀሩት አራቱ አንዱ፣ ማንፍሬዶ፣ ክፍሌ ድረስ መጣ። እርሱና እኔ በአንድ ቀን ነው ዲቁና የተቀበልነው፤ አሁን ጆሮው ከድቶታል።

«ምን ብዬ ነው የምምለው?» ብሎ ጮኸ።

«ክሬዶ በል።»

«ጸሎተ ሃይማኖቱን እስከ መጨረሻው?»

«ኧረ የለም፣ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ።»

«ተመስገን! ሙሉውን በል ብትለኝ ነፍሱን ለፈጣሪው በሚለው ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።»

«እንዲህ የሚል ቦታ የለውም እኮ።»

«አየህ፣ ከዚህ በፊትም ተኝቼበት ነበር ማለት ነው።»

ከጻሕሉ ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት ዛሬ ነው። ሲወጣ ግን በሩን ይዞ ቆመና፣ «ሩፊኖ፣ የገለበጠውን ጠይቀኸዋል?» አለኝ። በጣም አልጮኸም። እንዳልሰማሁ ሆንሁ፤ በዚያ ሰዓት የተደነቆርሁት እኔ ነበርሁ።

የጾሙ ሦስተኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

ጂሮልዶ በበረዶው ላይ በበቅሎ ሁለት ቀን ተጉዞ ከተራራው ደብሮች ሁለት ካህናት አገኘልኝ። እንደገና ስድስት ሆኑ! ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ እግሩ አብጧል። «ይህን ያህል ለምን ትደክማለህ?» ብለው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ። ልጅ ቢኖረኝ ከዚህ የተሻለ አይሆንልኝም ነበር።

ማንፍሬዶ ስላለው ነገር ለመጻፍ አስቤ ነበር። አያስፈልግም።

የጾሙ አራተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ወደ ቪታሌ ቤት ወረድሁ። የሄድሁት ልገሥጸው ነበር፤ ይህን አልክድም። በሥራ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ አንድ ትንሽ መስቀል ያስተካክል ነበር። ሚስቱ አዴላዚያ ወናፉን ትነፋለች።

«ቪታሌ፣ ጭረቷን ለምን አቆምሃት?»

«እንደተሰጠችኝ ነው አባቴ።»

«የተሰጠችህ ተጋድማ ነው።»

መስቀሉን አስቀመጠ። «እኔ ፊደል አላነብም። የማላነበውን እንዴት አድርጌ እሳሳታለሁ? የሚሳሳት የሚያነብ ሰው ነው፤ 'እንዲህ ሊል ፈልጎ ነው' ብሎ ከራሱ ይጨምራል። እኔ ብራናውን በብሩ ላይ ዘርግቼ መስመር መስመሩን በመርፌ ወጋሁት። መርፌ የወጋበትን በመቅረጫ ተከተልሁ። ሌላ ሥራ የለኝም።»

መርፌውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ተመለከትሁት።

«ደግሞ ቦታ አለ፣ ቃሉን ሙሉውን ልቅረጸው ብዬዎት አልነበረም?»

ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ «ለተማረ ሰው አንዲት ፊደል ይበቃዋል» ብዬ መለስሁለት። ልቤ በኩራት ሞቆ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

«ብራናውን አሳየኝ» አልሁት።

«የት አግኝቼ? አባ ጂሮልዶ በቅድስት አጋታ ዋዜማ መጥተው ወሰዱት። 'አባ ሩፊኖ ይፈልጉታል' አሉኝ። አልሰጡዎትም?»

አዴላዚያ ወናፉን አቆመች። «አንተ ደግሞ! ሰጥተዋቸው ቢሆን ኖሮ በዚህ ጭቃ እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር?»

የጉባኤው ዋዜማ ነው የወሰደው። እኔ በማግስቱ ቆሜ ስለ እጁ ስመሰክር ብራናው በእርሱ ዘንድ ነበር። ወለሉን ሲመለከት የነበረው ለዚህ ኖሯል። በበረዶው ላይ የተጓዘውም ለዚህ ኖሯል። ዳገቱን ስወጣ ሦስት ጊዜ ቆሜ ማረፍ ነበረብኝ።

ምናልባት ቪታሌ ይዋሽ ይሆናል። ደግሞስ የምእመን ምስክርነት በካህን ላይ በሕግ አይቆምም።

አይዋሽም።

የዚያው ሳምንት ዓርብ

ጂሮልዶን ወደ ጎን ቤተ ጸሎት ጠራሁት። የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። ከንፈሬን ሳላላቅቅ ተንበርክኮ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«አባ፣ በድያለሁና ይናዝዙኝ።»

«ተነሥ፤ ለኑዛዜ አይደለም የጠራሁህ።»

«እኔ ግን ለኑዛዜ ነው የመጣሁት።»

ንስሐ የሚጠይቅን ሰው ማባረር አይቻልም። እርሱም ይህን ያውቃል፤ ከእኔ ነው የተማረው። እኔ በሞት ፊት እንኳ የማልገልጠውን ቃል ከሰማሁ በኋላ ምላሴ እንደሚታሰር ያውቃል።

የነገረኝን በብራና ላይ አላሰፍርም። በኑዛዜ የተሰማ ነው። ማክሰኞ ዕለት ካወቅሁት የተለየ ነገር አልነበረም ብቻ እላለሁ።

ከፈታሁት በኋላ፣ ቆሞ ልብሱን ሲያራግፍ፣ ከኑዛዜው ውጪ ጠየቅሁት።

«የመሐላው ዕለት ምን ትላለህ?»

«አምናለሁ እላለሁ።»

«ታምናለህ ወይስ ታውቃለህ?»

«ሕጉ የሚጠይቀው ማመኔን ብቻ ነው፣ መምህር።» ድምፁ ለስላሳ ነበር። «በውሸት አልምልም። እርስዎ ንጹሕ እንደሆኑ ከእኔ ይበልጥ የሚያምን ማን አለ?»

«ለጉባኤው አንዲት ቃል ብትናገር...»

«ለኦቤርቶ? ነገ የምባለውን ያውቃሉ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት በዚችው ጭረት ምክንያት በተማሪዎች ሁሉ ፊት መዳፌን ሲገርፉኝ ምን ብለው ነበር? 'በዚህ የሚሳሳት ሰው ሃይማኖትን ይሳሳታል።' እርስዎ ረስተውት ይሆናል።»

አልረሳሁትም። ከዚያ ቀን በኋላ ስህተት ሲሠራ አይቼው አላውቅም፤ በዚህም ስኮራ ኖሬአለሁ። ስህተቶቹን የት ሲያኖራቸው እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ

ሌሊቱን በሙሉ ሕጉን ሳወጣና ሳወርድ አደርሁ። ከቪታሌ አፍ የሰማሁት ከኑዛዜ ውጪ ነው። ያንን መናገር እችላለሁ። ማክሰኞ የሰማሁትን ማክሰኞ እንደሰማሁት አድርጌ ብናገር ምስጢር አላፈረስሁም።

ነገር ግን ጉባኤው ቢጠይቀኝ፣ ከየትኛው እንደምናገር በልቤ መለየት እችላለሁን? ማክሰኞ ጥርጥር ነበረኝ፤ ዓርብ እርግጠኛ ሆንሁ። እርግጠኝነቱን ትቼ ጥርጥሩን ብቻ እንዴት እናገራለሁ? የተሻለው ዝም ማለት ነው። ሊቃውንትም በሚያጠራጥር ነገር ለምስጢሩ አድላ ይላሉ።

ይህ ትክክል ነው። ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ትክክል ነው።

ከሆሳዕና በፊት ያለው ዓርብ

ማልሁ። ኦቤርቶ በወንጌሉ ላይ ያለውን እጄን እንጂ ፊቴን አልተመለከተም።

ሁለቱ የተራራ ካህናት «ክሬዶ» አሉ። ከወንዙ ማዶ የመጡት፣ ከመጀመሪያው ቃላቸውን ያላጠፉት ሁለቱም አሉ። ማንፍሬዶ ቃሏን በአዳራሹ ሙሉ ጮኸባት፤ አቡነ ጳጳሱ ፈገግ አሉ። በመጨረሻ ጂሮልዶ ቀረበ። እጁን ጭኖ ዓይኔን እያየ አለ። ለሠላሳ ዓመት የሠራሁት ድምፅ ነው፤ እንከን የለበትም። ቃሏ ከጣሪያው ላይ ተመልሳ መጣች።

«እነዚህን ረዳቶች ትቀበላቸዋለህን?» ብለው አቡነ ጳጳሱ ጠየቁኝ። ሕጉ ይህን ይጠይቃል። አምስቱን ብቻ ብል በዚያች ቅጽበት እወድቅ ነበር። ዕድሜዬ ሰባ ሦስት ነው፤ በተራራው ገዳም በክረምት ውኃው በጽዋው ውስጥ ይረጋል።

«እቀበላለሁ» አልሁ።

ከጂሮልዶ ጋር የሰላም አምኃ ተሰጣጠን። ጉንጩ እርጥብ ነበር። ይህ ሰው በአንዲት ቃል ሸጠኝ፤ በሌላ ቃል ገዛኝ። ሁለቱንም ጊዜ ምን እንደተሰማኝ የጠየቀኝ የለም።

የሆሳዕና እሑድ

ዘንባባ በሌለበት በወይራ ቅርንጫፍ ዞርን። ከሰልፉ በፊት ፍርዱ ተነበበ። እኔ ነጻ ነኝ። ለእርጅናዬ አዝነው መሪነቱን እስከ ጰራቅሊጦስ ጂሮልዶ እንዲይዘው ወሰኑ።

ከዚያም ኦቤርቶ ቀጠለ። «ቃሉ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ፣ ካህናቱም ንጹሓን ከሆኑ፣ ክሕደቱ የገባው በቀራጩ እጅ ነው። ይህንን ከመጀመሪያው ቀን አባ ሩፊኖ ራሳቸው ተናግረዋል።» ቪታሌ ረቡዕ በሰባተኛ እጅ ይንጻ ተባለ። ካልነጻ ቤቱ ይፈርሳል፤ ከነቤተሰቡ ከከተማው ይወጣል። ረዳቶቹ ካህናትም ምእመናንም መሆን ይችላሉ።

እኔ «መሆን አለበት» ነበር ያልሁት። «ነው» አላልሁም። ልዩነት አለው።

የሕማማት ማክሰኞ

ቪታሌ ኮፍያውን በእጁ ይዞ በክፍሌ ደጃፍ ቆመ። የሥራ ልብሱን አውልቋል።

«አምስት አግኝቻለሁ አባቴ። አንጥረኞቹ አልከዱኝም፤ ዳቦ ጋጋሪውም ይምላል። አንድ ጎደለኝ። አዴላዚያ 'ወደ እርሳቸው ሂድ፤ ቤታችን መጥተው ሁሉን በጆሯቸው ሰምተዋል' አለችኝ።»

«ቪታሌ፣ እኔ ከክስ ከወጣሁ ገና አራት ቀኔ ነው። የእኔ ቃል ይጎዳሃል እንጂ አይጠቅምህም።»

«አምናለሁ ማለት ብቻ ነው እኮ የሚሉኝ።»

«እንዲህ የቀለለ ቃል አይደለም።»

ጥቂት አሰበ። «እውነትዎን ነው» አለ። «እርስዎ የተማሩ ነዎት። እኔ ምን አውቃለሁ።» ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመ። መዳፉ ሻካራ ነው፤ ብርና ጢስ ይሸታል።

ከሄደ በኋላ የጂሮልዶን ክሕደት ሁሉ ለመቁጠር ተቀመጥሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ብዕሩ ደረቀ።

የሕማማት ረቡዕ

የጻፍሁት ከጸሎት መልስ ነው።

ቪታሌ ማለ። የሚለውን ቃል የላቲኑን ሲያስጠኑት ሁለት ጊዜ ተሰናከለ፤ ዲያቆናቱ ተሳሳቁ። አምስቱ ሰዎች በየተራቸው አሉ። ዳቦ ጋጋሪው «ክሬዶ» ማለት አቅቶት በአገሩ ቋንቋ «አምነዋለሁ፣ እንዴት አላምነውም!» አለ፤ አቡነ ጳጳሱ ተቀበሉት።

ከዚያ የሚቀርብ ጠፋ።

«ስድስተኛው?» አሉ አቡነ ጳጳሱ።

ቪታሌ ወደ ኋላው አልዞረም። ወደ እኔም አልተመለከተም፤ ቢመለከት ይቀለኝ ነበር። አዴላዚያ ከምእመናኑ መካከል ቆማ በቀጥታ ታየኝ ነበር። ማንፍሬዶ ከአጠገቤ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይላል። ምንም አልመለስሁለትም። እርሱ ቢሰማ ኖሮ ይነሣ ነበር።

«ስለዚህ ሰው አምናለሁ የሚል አለን?» አቡነ ጳጳሱ ደገሙት። ሦስት ጊዜ መጠየቅ ሕግ ነው።

ከማዶ በኩል፣ በእኔ በነበረው ወንበር ላይ፣ ጂሮልዶ ራሱን ቀና አደረገ። ተያየን። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚያምኑ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ የሚያውቁ ግን ሁለት። አንዱ ሌላውን እንዲቀድመው ጠበቅን። ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚፈጀውን ያህል።

«አለን?» አሉ ለሦስተኛ ጊዜ።

ሁለታችንም ዝም አልን።

ቪታሌን በጎን በር አወጡት። ደጁ ሳይዘጋ የማታው ጸሎት ደወል ተደወለና እያንዳንዱ ወደ መቆሚያው ተመለሰ። እኔ መጽሐፉን ገለጥሁ፤ ፊደላቱ አልታዩኝም፤ በቃል ነው የማውቀው።

ጂሮልዶ መራ። እኔ ተቀበልሁ።